ዓይንን ገልጦ መተኛት

እኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። ልብ አላላችሁት ይሆናል እንጂ «እንዴት አደሩ?» ማለት ሌላ ምንም ማለት አይደለም፤ ሌሊቱ እንዴት አለፈልዎ፣ ፍራሹ ተመቸዎት ወይ፣ ዓይንዎ ተከደነ ወይ ማለት ነው። ጥያቄው እንዲህ አሳቢ ሆኖ ሳለ መልሱ ግን ዘወትር ያው ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። ጥርሱን ሲያመው ያደረውም፣ ከሚስቱ ሲነታረክ ያደረውም፣ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ያደረውም እኩል አመስጋኝ ነው። በበኩሌ «እንዴት አደርክ?» ብዬው «ኧረ አልተኛሁም፤ ቁጭ በልና ልንገርህ» ያለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ቢገጥመኝም ሥራ ረፈደብኝ ብዬ የምሮጥ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ምስጋናን ለመንቀፍ አይደለም፤ የፈጣሪ ጠላት አታድርጉኝ። ነገር ግን ሰው ሁሉ አመስጋኝ በሆነበት አገር ማን ደህና እንደሆነና ማን ሊወድቅ እንደተቃረበ በምን ይለያል? አንዳንዴ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዘይቤ እየተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። ሽቦ ያለው፣ በሻንጣ ተጭኖ ወልድያ ድረስ የመጣ እውነተኛ መሣሪያ ማለቴ ነው።

እኔ መርሳ እየኖርኩ ወልድያ የምሠራ የቢሮ ሰው ነኝ። ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው በጋሽ ሰይድ ሚኒባስ ነው፤ ቦታዬም ጋቢና፣ ከእሳቸው ጎን ነው። ጋሽ ሰይድ ፂማቸው የሸበተ፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይለይ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሾፌር ናቸው። መንገደኛውን ሁሉ በስሙ፣ ስሙን ያጡትን በአባቱ፣ አባቱን ያጡትን በሰፈሩ ይጠሩታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነብ ባለፈው ክረምት ከሞቱ ወዲህ ግን አንድ አዲስ አመል አመጡ። መኪናቸው ውስጥ ሰው አያስተኙም።

እንዴት መሰላችሁ። ከመርሳ ተነሥተን ሲሪንቃ ስንደርስ፣ የምርምር ማዕከሉ የማሽላ ማሳ ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሲታይ፣ የጠዋት ነፋስ በመስኮት ሲገባ፣ ያን ጊዜ መንገደኛ ሁሉ ማንጎላጀት ይጀምራል። ጋሽ ሰይድ በመስታወቱ ያዩታል። «አንተ! አንተ ባለ ሰማያዊው ሹራብ!» ብለው ያንባርቃሉ። ልጁ ተደናግጦ «አቤት!» ሲል «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ይነግራቸዋል። «እናትህ ደህና ናት?» ደህና ናት ይላል። «ወንድምህስ የት ደረሰ?» እንዲህ እያሉ ዘሩን ቆጥረው ሲጨርሱ ወልድያ ደርሰናል። የጎመን ነጋዴዋም፣ መምህሩም፣ ሕፃን ያዘለችው እናትም ከዚህ ምርመራ አያመልጡም። አንድ ቀን አንዱ ተናዶ «ምነዋ ጋሽ ሰይድ፣ ትንሽ ብናሸልብ ምን አለበት?» ቢላቸው «ቤትህ ተኛ! እኔ መኪና ውስጥ ማንም አይተኛም!» አሉት፤ አነጋገራቸው የቀልድ አልነበረም። እኛ ግን ቀልድ አደረግነው። እንቅልፉን ሳይጠግብ የወጣ ሰው በሰይድ መኪና ይሂድ፣ ሳይወድ በግዱ ይነቃል እየተባለ መናኸሪያው ሁሉ ይስቅባቸው ጀመር። እኔም ስቄያለሁ።

ሳቄ የቆመው የእሳቸውን ዓይን ማየት ስጀምር ነው። ሰው የሚቀሰቅሱት ሰውዬ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ ከሥሩ ጠቁሯል። እያወሩኝ ቃል መሀል ላይ ይጠፋባቸዋል። ማርሽ ለመቀየር የሰደዱት እጅ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ጠዋት ሲሪንቃን እንዳለፍን ከፊታችን የጭነት መኪና እየመጣ፣ የእኛ ሚኒባስ ቀስ እያለ፣ አንዳች ጉዳይ እንዳለው ሁሉ፣ ወደ እሱ ወገን ተሻገረ። የጭነቱ ሾፌር ጡሩንባውን ሲለቀው ጋሽ ሰይድ «ያረቢ!» ብለው መሪውን መለሱት። ከኋላ ሴቶች ጮኹ። እኔ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ፍሬን የያዝኩ መሰለኝ፤ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚይዘውን የማይሠራ ፍሬን። ትንፋሼ ሲመለስ «ጋሼ፣ እንዴት ነው ያደሩት?» አልኳቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ሰውዬው አይተኙም። ይህ ግልጽ ሆነልኝ። ለጥቂት ቀን መኪናውን ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ ብላቸው «ቤት ገብቼ ምን ልሠራ?» አሉኝ። መኪና መቀየር እችል ነበር፤ መናኸሪያው በሚኒባስ የተሞላ ነው። ግን እኔ መኪና ብቀይር ጋሽ ሰይድ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፣ ከኋላቸው የሚቀመጠውም ሰው እዚያው ነው። በየማለዳው ዛሬ ይሆን እያልኩ እሳፈር ጀመር። ለእሳቸው የነበረኝ ፍቅርና ለገዛ ነፍሴ የነበረኝ ስስት አንድ ላይ ያስጨንቁኝ ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ቃልኪዳን ያንን መሣሪያ ይዛ ወልድያ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ቃልኪዳን የእህቴ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች የመመረቂያ ጥናት ነበረባት። የምታጠናው እንቅልፍ ያጣ ሾፌር ሲነዳ አንጎሉ ውስጥ የሚሆነውን ነው፤ ሲከፋው፣ ሲናደድ፣ ሲፈራም እንዲሁ። «አጎቴ፣ አንተ ሾፌሮቹን ታውቃቸዋለህ፤ አምጣልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ መናኸሪያ ብሄድ ወሬው ቀድሞኛል። ጭንቅላት በኤሌክትሪክ የሚያጥቡ ሰዎች መጥተዋል ይባላል። ሌላው ደግሞ መሣሪያው የሰውን ሐሳብ አንብቦ ያወጣል ብሏል። አንዱ ጎትቶ ጥግ ከወሰደኝ በኋላ «ያገኙትን ለሚስቴ አይነግሩም አይደል?» አለኝ። አይነግሩም ብዬ ማልኩለት፤ ቢሆንም ያን ሳምንት ሙሉ ከፊቴ ጠፋ።

ጋሽ ሰይድን ያመጣኋቸው በብልጠት ነው። አንቱ ታመዋል፣ ይመርመሩ ብላቸው እንደማይመጡ ስለማውቅ፣ ልጅቷ ሰው አጥታ ትምህርቷን ልትወድቅ ነው አልኳቸው። «ወድቃማ አትወድቅም» ብለው የዚያኑ ቀን መኪናቸውን መናኸሪያ አቁመው ተከተሉኝ።

ቃልኪዳን ለጥናቷ በተሰጣት ክፍል ውስጥ አንድ ውሸታም መኪና ተቀምጧል። ወንበር አለው፣ መሪ አለው፣ ነዳጅና ፍሬን አለው፤ ከፊቱ ትልቅ ስክሪን ላይ መንገድ ይታያል። ጋሽ ሰይድ ተቀምጠው «ቢስሚላህ» ብለው አስነሡት። መንገዱ የውጭ አገር መንገድ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፍ የሌለው። አህያ የለበትም፣ ፍየል የለበትም፣ ጥላ ይዛ የምትሻገር ሴት የለችበትም። ትንሽ እንደነዱ «ምነዋ ልጄ፣ ይኸ አገር ሰው የለውም?» አሉ። ቃልኪዳን ሳቀች። «እንዲህ ያለ መንገድ ላይ እንቅልፍ ባይወስድ ነው የሚገርመው» አልኩ እኔም በሆዴ።

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በምትኩ ቃልኪዳን ሽቦ የተሰካካበት ሌላ ቆብ አጠለቀችላቸው፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ ቅባት እየነካካች «ቀዘቀዘዎት ጋሼ?» ስትል «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ነገሩን እንዳስረዳችኝ ከሆነ አንጎል ሲሠራ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሯ ላይ መስመር ሆኖ ይሄዳል። ሰው ሲነቃ መስመሩ ጥቃቅንና ፈጣን ይሆናል፤ እንቅልፍ ሲጫነው እየሰፋ ይንቀረፈፋል። ስሜትን ማንበብ ግን ገና ነው አለችኝ ሳትደብቅ። አንድ ነገር ሰውየውን እንደነካው ያሳያል እንጂ ለምን እንደነካው መሣሪያው አይናገርም። ለዚህ ነው ሾፌሮቹን በአፍ የምትጠይቀው። መከራዋም እዚያ ላይ ነበር።

የመንዳቱ ፈተና አለቀና ወደ ስሜቱ ተሸጋገሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው፤ አንድ አንድ ድምፅ ታሰማቸውና «አሁን ምን ተሰማዎት?» ትላቸዋለች። ሕፃን ልጅ ሲስቅ አሰማቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሰዎች ሲሰዳደቡ አሰማቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የመኪና ጡሩንባ ሲያምባርቅባቸው ትከሻቸው ዘለለ፤ እሱንም አመሰገኑ። ቃልኪዳን ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉኝ» አለች። «የመርሳና የወልድያ ሾፌር ሁሉ ደስተኛ ነው ብዬ ልመለስ ነው?» ከዚያ ወደ እሳቸው ተመልሳ በትሕትና «ጋሼ፣ ደስታ ነው ወይስ ሐዘን?» ብትላቸው «ለሁሉም ምስጋና ይገባዋል ልጄ» አሏት።

ከዚያ ሰውን ለማረጋጋት ተብሎ የተዘጋጀውን ድምፅ ከፈተችው። የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። ሌሎቹ ሾፌሮች እዚህ ላይ ትከሻቸው ይወርድ ነበር። የጋሽ ሰይድ መስመር ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተነሥቶ ተርገፈገፈ። ቃልኪዳን ሽቦ የተነቀለ መስሏት ቆቡን ነካካች፤ ምንም አልተነቀለም። ሰውዬው ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠዋል። መሪውን እንደያዙ፣ ያንን ሰው የሌለበትን መንገድ እያዩ፣ እንባቸው በፂማቸው ላይ ይወርዳል።

«ጋሼ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «ምን ተሰማዎት?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ድምፃቸው ግን መሀሉ ላይ ተሰበረ።

ማዳመጫውን አወለቀችላቸው። ሳንጠይቃቸው፣ ለእኛ ይሁን ለመንገዱ ሳይለይ፣ መናገር ጀመሩ።

«እየነዳሁ የሰማሁት ይኸንኑ ነው። ደሴ ውሰዳት ሲሉኝ በገዛ መኪናዬ ወሰድኳት። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ አጋደምኳት። ታቃስት ነበር። ‹ዘይነቤ፣ እስክንደርስ ተኚ› አልኳት። ውጫሌን ስናልፍ ተኛች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። እንዳትነቃብኝ ብዬ ጉድጓዱን እየሸሸሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሐይቅ ስንደርስ ትንፋሿ አልሰማህ አለኝ። ከባድ እንቅልፍ ይዟት ነው አልኩ። ደሴ ገብቼ ዞር ስል…»

ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው በእጃቸው ጨበጡት።

«ተኚ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ የነዳሁ እኔ ነኝ። መልሼ ይዣት መጥቼ ለልጄም ለጎረቤቱም የነገርኩት እኔው ነኝ።»

ወይዘሮ ዘይነብ መንገድ ላይ እንደሞቱ መርሳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በየማለዳው «የማን ልጅ ነህ፣ እናትህ ደህና ናት?» የሚሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ከኋላቸው ዝም ሲል አይችሉትም። ያንን ሁሉ ሳቃችንን አሰብኩት።

ቃልኪዳን ዓይኗን ጠርጋ ሥራዋን መቀጠል ነበረባት፤ ለመናገር ያመነታችበት ነገርም ነበራት። ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው። «ጋሽ ሰይድ፣ ቅድም ሲነዱ ተኝተው ነበር» አለቻቸው።

«እኔ? እኔማ አልተኛሁም። ወላሂ አልተኛሁም።»

«ዓይንዎ አልተከደነም። አእምሮዎ ግን ለአፍታ ለአፍታ ይተኛል። እርስዎ አያውቁትም። ይኸውልዎ።»

የውሸቱን መኪና መንገድ መልሳ አሳየቻቸው። ከላይ መስመሩ ይሰፋል፣ ይንቀረፈፋል፤ ከታች መኪናው ቀስ እያለ ጠርዙን ይለቃል፣ ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ከዚያ ደንግጦ ይመለሳል። ደግሞ ይሻገራል። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው አዩ። እንደ ሾፌር አዩት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ሰው ነበረበት?» አሉ።

«ምን ጋሼ?»

«መኪናው። ሰው ጭኖ ነበር?»

«የውሸት መኪና ነው ጋሼ። ማንም የለበትም።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ይህኛውን ከልባቸው ነው። ከኪሳቸው የሚኒባሱን ቁልፍ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። እኔ እንኳን ሚኒባስ ብስክሌት አልነዳም። ቢሆንም ተቀበልኩ። የዚያን ቀን ማታ ወደ መርሳ የተመለስነው በሰው መኪና፣ ከኋላ ወንበር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። እሳቸው መንገዱን ሁሉ ከሾፌሩ ጋር ፍሬን ሲይዙ አየኋቸው።

መኪናውን የወይዘሮ ዘይነብ ወንድም ይሠራበት ጀመር። መንገደኛው ተረፈ፤ እኔም ተረፍኩ። ሲሪንቃ ላይ እንቅልፍ የፈለገ ሁሉ ይተኛል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቃልኪዳንን አመስግነን እንለያይ ነበር። ግን ጋሽ ሰይድ ቤት ገቡ እንጂ አልተኙም። ጤና ጣቢያ ሄደው የተሰጣቸውን ክኒን ትራስ ሥር ያስቀምጡታል እንጂ አይውጡትም። በበሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል፤ ያመሰግናሉ፤ ያልፋል። እኔ እንግዲህ በማለዳ እያለፍኩ በሰላም ወልድያ እገባለሁ፤ እሳቸው ግን በየቀኑ እያነሱ፣ ልብሳቸው እየሰፋቸው ሄደ። አሁን የሚያሰጋኝ የመኪና አደጋ አልነበረም። ሰውዬው በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ በራቸው ላይ ሊያልቁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የመርሳ ሙቀት ታውቁት እንደሆነ ያን ሰዓት ውሻም ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ጋሽ ሰይድ ፍራሻቸው ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቁጭ ብለዋል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«አልሐምዱ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨርሱት ተዉት። «ደከመኝ» አሉ። «ልጄ፣ ደከመኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ትንሽ ጋደም ይበሉ እንግዲህ» አልኳቸው።

«እኔ ስተኛ ማን ነቅቶ ይጠብቃል?»

«እኔ አለሁ።»

«ዝም አትልም? ታወራለህ?»

«አወራለሁ» አልኩ።

ጋደም አሉ። ምን እንደማወራ ቸገረኝ። ተረት ልንገራቸው እንዳልል ሽማግሌ ናቸው፤ ወሬ እንዳላመጣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። አማራጭ ሳጣ በዚያ ሳምንት ቢሮአችን ያካሄደውን ስብሰባ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። ሊቀመንበሩ ያደረጉትን የመግቢያ ንግግር ተናገርኩ። የዕቅድ አፈጻጸሙን በየክፍሉ ዘረዘርኩ። ከተሰብሳቢው የተነሡትን አስተያየቶች፣ ለአስተያየቶቹ የተሰጡትን መልሶች፣ በመልሶቹ ላይ የተሰጡትን ተጨማሪ አስተያየቶች አስከተልኩ። ጤና ጣቢያው ያቃተውን የእኛ ቢሮ ቻለው። ወደ ውሳኔው ሳልደርስ ጋሽ ሰይድ አፋቸውን ከፍተው አንኮራፉ። ዝም ብል ይነቁብኛል ብዬ ፈርቼ ስብሰባውን እስከ መዝጊያው ድረስ ለብቻዬ ጨረስኩት።

በዚህ መሀል ስልካቸው ጮኸ። ዘልዬ አፈፍ አደረግኩት። ኮምቦልቻ ያገባችው ልጃቸው ሐያት ናት፤ አባቷ እንዴት እንደዋሉ ለመጠየቅ በየቀኑ ትደውላለች። ድምፄን አፍኜ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ ባለኝ ደስታ ሁሉ እንዲህ አልኳት።

«ሐያት፣ እኔ ነኝ። አባትሽ አርፈዋል።»

እናንተ አማርኛ ታውቃላችሁ። ምን እንዳልኩ ገብቷችኋል። ያን ሰዓት ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ በልቤ ይረፉ፣ ትንሽ ይረፉ ስል ውዬ ነው ቃሉ አፌ ላይ የተገኘው። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ማልደው ሄደው፣ ቁጭ አድርገው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው የሚናገሩት። እኔ በሁለት ቃል፣ በሹክሹክታ ጨረስኩት። በስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማኝ፤ ስልኳ ወድቆ ሲጋጭ ሰማሁ፤ ጠፋ። ያልኩትን መልሼ በጆሮዬ ሰማሁት። መልሼ ብደውል ተይዟል፤ ደግሜ ብደውል ተይዟል። ሐያት መርሳ ላለው ዘመድ ሁሉ እየደወለች ነበር።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤታቸው ፋጡማ ናት። «ወይኔ ጋሽ ሰይድ! ወይኔ! ሐዘን ገደለው!» እያለች ግቢው ገባች። ከኋላዋ ሌሎች። ከእነሱ ኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር ሰዎች፣ ደረታቸውን እየደቁ። እኔ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ «ቀስ በሉ! ይሰሙናል!» አልኩ። ሰዉ በሐዘን አእምሮዬ የተነካ መሰለው፤ አንዱ ሊያረጋጋኝ አቀፈኝ። «ኧረ ተኝተው ነው!» ብል ፋጡማ «እኮ! ተኛ! ከዘይነቤ ጎን ሊተኛ!» ብላ ጭራሽ መሬት ላይ ተዘረጋች። አንድ ቃል ካመለጠ በኋላ የሚቀጥለው ሁሉ እሱኑ ሆኖ ያርፋል።

በመጨረሻ የሰፈሩ ሸህ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ትንሽ ቆይተው ወጡ።

«ያንኮራፋል» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም አፉን ይዞ ሳቀ፤ እንዳይቀሰቅሷቸው እየታፈኑ፣ እንባቸው እስኪፈስ። ፋጡማ ግን ከመሬት ሳትነሣ፣ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ይኸኛው ልቅሶ ሌላ ነው፤ ጩኸት የለውም። «ዘይነቤ፣ ዘይነቤ» ትላለች። በቀብሩ ሰሞን ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ሳያለቅሱ፣ የመጣውን ሁሉ «ሶብር አድርጉ» እያሉ ሲያጽናኑ ነበር የሰነበቱት፤ ሰዉ እንባውን ይዞ ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው። አሁን ማንም አልሄደም። ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዘግይቶ እየጮኸ የሚመጣውን በር ላይ እየተቀበሉ በጆሮው ይነግሩታል፤ እሱም ይስቅና ይቀመጣል፤ ቆይቶ ያለቅሳል።

ሐያትን በመጨረሻ ባሏ ስልክ ላይ አገኘኋት። መንገድ ላይ ናቸው። «ደህና ናቸው፣ ተኝተው ነው» ብላት ልቅሶዋ ባሰ። ለልቅሶ የሚጠራ ሰው መንገድ ላይ ሳለ «ደህና ናቸው» ከመባል ሌላ ምን ተብሎ ያውቃል?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰች፤ ፊቷ አብጧል፣ ጫማዋ የየቅል ነው። ማንንም ሳታይ ገብታ ጆሮዋን አባቷ ደረት ላይ ለጠፈች። ከዚያ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔ ይቅርታ ልላት ሞከርኩ፤ በእጇ ዝም በል አለችኝ። እስኪነቁ ድረስ እዚያው ቁጭ አለች።

ጋሽ ሰይድ ሲነቁ ደጅ የሚንሾካሾክ ሰው ሰሙ። ግድግዳውን ይዘው ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ የትራሱ ጥለት ጉንጫቸው ላይ ታትሟል። ግቢውን ሞልቶ የተቀመጠውን ሕዝብ አዩ። ሸሁን አዩ። ዞር ብለው የልጃቸውን ያበጠ ዓይን አዩ። ቀለማቸው ተለወጠ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝና። እኔ አፌን ለመክፈት ፈራሁ።

ሐያት ከኋላቸው መጥታ እጃቸውን ያዘች። «እማ ናት፣ አባ» አለቻቸው። «እማ ሞተች።»

ለካ ለእሳቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ለመርሳ ሁሉ ያረዱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ፣ እጃቸውን ይዞ አልነገራቸውም። ልጃቸውን አዩዋት። ከንፈራቸው ያንን የለመደውን ቃል ሊል ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣም። ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «ዘይነቤ!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሌ ሰው፣ እንደ ልጅ፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ።

ሸሁ «ሶብር» ሊሉ ተጠጉ። ፋጡማ ግን ልብሳቸውን ይዛ ወደ ኋላ መለሰቻቸው።

«ተዉት ሸሃችን» አለች። «ይውጣለት።»